በባሕር ዳር ላፕቶፕ ለሚገዛ ሰው፦ ከ«አይ7» በፊት መታየት ያለባቸው ነገሮች

ላፕቶፕ ለመግዛት ወደ ሱቅ የሚገባ ሰው ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ፕሮሰሰሩ፣ ማለትም ስለ ኮምፒውተሩ አንጎል፣ «ኮር አይ7 አላችሁ?» ብሎ ነው። ሻጩም ይህን ስለሚያውቅ ዋጋውን የሚሰቅለው በዚሁ ስም ነው። በባሕር ዳር ለሚኖር ተማሪ፣ መምህር ወይም የቢሮ ሠራተኛ ግን ቀድመው መልስ ማግኘት ያለባቸው ጥያቄዎች ሌሎች ናቸው፤ እነርሱም መሣሪያው የሚሠራበት ሥራ ምን እንደሆነና በቀን ስንት ሰዓት ከሶኬት ርቆ እንደሚውል ነው። መብራት በሥራ መካከል ሊጠፋ በሚችልበት ቦታ፣ ባትሪው የደከመ ላፕቶፕ የቱንም ያህል ፈጣን ቢሆን ከጠረጴዛ ኮምፒውተር የሚለየው በመጠኑ ብቻ ነው።

በመጀመሪያ የሚጠቀሙባቸውን ፕሮግራሞች በስማቸው ዘርዝረው ይጻፉ። «ለትምህርት ነው» ወይም «ለቢሮ ነው» የሚለው መልስ ሻጩን እንጂ ገዢውን አይጠቅምም። ደብዳቤና ሪፖርት የሚጽፍ፣ ኤክሴል የሚሞላ፣ በፒችትሪ ሒሳብ የሚይዝ ወይም የመጠይቅ መልሶችን በኤስፒኤስኤስ የሚተነትን ሰው፣ 8 ጊጋባይት ራም (የተከፈቱ ፕሮግራሞች የሚሠሩበት ጊዜያዊ ማኅደር) እና 256 ጊጋባይት ማስቀመጫ ካለው ሥራው አይጓተትበትም። በፖሊ ግቢ ምሕንድስና የሚማርና አውቶካድ የሚከፍት ተማሪ፣ ወይም በዘንዘልማ ግቢ ሆኖ የጣናን ተፋሰስ የሳተላይት ምስሎች በአርክጂአይኤስ የሚያጠና ተመራማሪ ግን 16 ጊጋባይት ራም እና 512 ጊጋባይት ማስቀመጫ ቢይዝ ይሻለዋል። ራሱን የቻለ ግራፊክስ ካርድ የሚያስፈልገው ባለ ሦስት ገጽታ ንድፍ ለሚሠራ ወይም ቪዲዮ በብዛት ለሚያቀናብር ሰው ሲሆን፣ ለሌላው ትርፉ ክብደትና ሙቀት ነው። በተጨማሪም ለጨዋታ ተብለው የተሠሩ ላፕቶፖች ብዙውን ጊዜ 150 ዋትና ከዚያ በላይ የሆነ ቻርጀር ሲጠይቁ፣ የቢሮ ላፕቶፖች በአመዛኙ በ65 ዋት ወይም ከዚያ ባነሰ ስለሚሠሩ፣ መብራት ሲጠፋ በአነስተኛ ኢንቨርተር ወይም በሶላር ለመሥራት ያሰበ ሰው ይህን ልዩነት ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት ማስላት ይኖርበታል።

ወደ ፕሮሰሰሩ ስንመጣ፣ «አይ5» እና «አይ7» የሚሉት መጠሪያዎች ብቻቸውን ብዙ አይናገሩም፤ ዋናውን ነገር የሚናገረው ከኋላቸው የሚከተለው ቁጥር ነው። በኢንቴል ላፕቶፖች ላይ 7500 የሚል ከተጻፈ ሰባተኛ ትውልድ፣ 8250 ከሆነ ስምንተኛ፣ 10210 ከሆነ አሥረኛ፣ 1135 ከሆነ ደግሞ አሥራ አንደኛ ትውልድ ማለት ነው። የሰባተኛው ትውልድ አይ7 7500 ሁለት ኮር (ሥራ የሚከፋፈሉ የፕሮሰሰሩ ክፍሎች) ብቻ ሲኖረው፣ በ2017 እ.ኤ.አ. የወጣው አይ5 8250 ግን አራት ኮር አለው፤ ስለዚህ በስሙ ተማርኮ የመጀመሪያውን በውድ የሚገዛ ሰው የተሻለውን ትቶ የባሰውን ይወስዳል። ስምንተኛው ትውልድ በሌላም ምክንያት ወሰን ሆኗል። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረው መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ያበቃ ሲሆን፣ ዊንዶውስ 11 ደግሞ በይፋ የሚቀበለው በጥቅሉ ከኢንቴል ስምንተኛ ትውልድ ጀምሮ ያሉትን ነው። ፕሮሰሰሩ የኤኤምዲ ራይዘን ከሆነ ቁጥሩ ከ4000 በላይ የሆነውን ይምረጡ።

ማስቀመጫው ኤስኤስዲ መሆን አለበት፤ በዚህ ላይ ድርድር የለም። የቀድሞው ሃርድ ዲስክ በውስጡ የሚሽከረከር ሳህን ስላለው፣ ማሽኑ ሳይዘጋ በቦርሳ ተይዞ በባጃጅ ኮብልስቶን ላይ ሲንገጫገጭ ሊጎዳ ይችላል፤ ኤስኤስዲ ግን ተንቀሳቃሽ አካል የለውም፤ ፍጥነቱም ከሃርድ ዲስክ እጅግ ይበልጣል። እዚህ ላይ ስለ ርካሽ አዲስ ላፕቶፖች አንድ ነገር መናገር ያስፈልጋል። ካርቶናቸው ያልተከፈተ፣ ሴለሮን ፕሮሰሰር፣ 4 ጊጋባይት ራም እና ኢኤምኤምሲ የሚባል 64 ጊጋባይት ማስቀመጫ ያላቸው አሉ፤ ራሙም ማስቀመጫውም ብዙውን ጊዜ ከቦርዱ ጋር የተበየደ ስለሆነ በኋላ ማሳደግ አይቻልም። በእኔ አስተያየት፣ በዚያው ገንዘብ የሚገኝ በጥንቃቄ የተመረጠ ያገለገለ የቢሮ ላፕቶፕ ከእነዚህ አዲሶች ይበልጣል።

የባትሪ አቅም የሚለካው በዋት ሰዓት ነው። 50 ዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ፣ በቀላል የጽሑፍ ሥራ ላይ 10 ዋት ያህል በሚወስድ ላፕቶፕ ላይ 5 ሰዓት ያህል ያሠራል ማለት ነው። ይኸው ባትሪ አርጅቶ 30 ዋት ሰዓት ብቻ መያዝ ከጀመረ ጊዜው ወደ 3 ሰዓት ይወርዳል፤ ማያ ገጹ ከፍ ብሎ ሲበራና ብዙ ነገር ሲከፈት ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ሻጩ «አራት ሰዓት ይቆያል» ቢልዎ ቃሉን በጨዋነት ተቀብለው ማስረጃውን ይጠይቁ። ዊንዶውስ በኮማንድ ፕሮምፕት በኩል የባትሪ ሪፖርት ያወጣል፤ በሪፖርቱ ላይ ባትሪው ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረው አቅምና አሁን ሲሞላ የሚይዘው አቅም ጎን ለጎን ይታያሉ። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ከሰባ በመቶ በታች ከሆነ፣ የአዲስ ባትሪ ዋጋ ከላፕቶፑ ዋጋ ላይ እንዲቀነስልዎ ይደራደሩ። ሪፖርቱ ልኬቱ ባልተስተካከለ ባትሪ ላይ ሊያሳስት ስለሚችል፣ ቻርጀሩን ነቅለው ሱቁ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ያህል ቪዲዮ እያጫወቱ መቶኛው እንዴት እንደሚወርድ መመልከት አይከፋም፤ ከሰማንያ በአንድ ጊዜ ወደ ሃምሳ የሚዘል ባትሪ አልቆለታል።

ከባትሪ ጋር አብሮ የሚታየው በዩኤስቢ ሲ በኩል ቻርጅ መሆን አለመሆኑ ነው፤ ይህ ያለው ላፕቶፕ በቂ ኃይል በሚሰጥ ፓወር ባንክም ሊሞላ ይችላል። ለምሳሌ የኤችፒ ኤሊትቡክ 840 ጂ5 እና የሌኖቮ ቲንክፓድ ቲ480 ሁለቱም በአብዛኛው ስምንተኛ ትውልድ ፕሮሰሰር ይዘው የተሠሩ፣ በዩኤስቢ ሲ የሚሞሉና ራማቸው የሚቀየር ናቸው። ቲ480 በውስጥ ካለው ባትሪ ሌላ ከውጭ የሚነቀል ሁለተኛ ባትሪ ስላለው፣ የተሞላ ትርፍ ባትሪ የያዘ ሰው ማሽኑን ሳያጠፋ መቀየር ይችላል። ለዘጌ ወይም ለደቅ ደሴት የመስክ ሥራ በጀልባ ለሚሄድ ሰው ከዚህ የሚበልጥ ነገር ለማግኘት ያስቸግራል፤ ውኃ የማያስገባ መያዣ ግን አብሮ መግዛት ይኖርበታል።

ያገለገለ ዕቃ ሲገዙ ኪቦርዱን በሚገባ ይመልከቱ። ከአውሮፓ የመጡ አንዳንድ ላፕቶፖች የፈረንሳይኛ ወይም የጀርመንኛ ፊደል አቀማመጥ ስላላቸው፣ በፓወር ግዕዝ አማርኛ መጻፍ የለመደ እጅ በየፊደሉ ይደናቀፋል። ሁሉንም ቁልፎች አንድ በአንድ ይምቱ፤ ማጠፊያው ላላ ማለቱን፣ ካሜራውን፣ ድምፁን፣ ዋይፋዩንና የፍላሽ መሰኪያዎቹን ሁሉ ይሞክሩ። ከሁሉ በላይ ላፕቶፑን አጥፍተው ሲያስነሡ ወደ ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሣቱ በፊት ወደሚከፈተው የማሽኑ መሠረታዊ ማስተካከያ) ይግቡ፤ የይለፍ ቃል ከጠየቀና ሻጩ የማያውቀው ከሆነ፣ ወይም የአንድ ድርጅት ስም እያሳየ እንዲመዘገቡ የሚያስገድድ ገጽ ከመጣ፣ ዋጋው ምንም ያህል ቢቀንስ ይተዉት።

ማያ ገጹ 1920 በ1080 ነጥብ ያለውና አይፒኤስ የሚባለው ዓይነት ቢሆን ይመረጣል፤ 1366 በ768 የሆነው ለኤክሴል ጠባብ ነው። በሐይቁ ዳር ባሉ መናፈሻዎች በቀን ብርሃን ለመሥራት የሚያስብ ሰው ብሩህነቱ 300 ኒት ወይም ከዚያ በላይ የሆነና የማያንጸባርቅ ገጽ ይፈልግ።

ዋጋ ከተስማሙ በኋላ ደረሰኙ ላይ ሞዴሉ፣ የራሙና የማስቀመጫው መጠን፣ እንዲሁም ከላፕቶፑ ሆድ ላይ የተጻፈው ሲሪያል ቁጥር እንዲሰፍር ያድርጉ፤ ያ ቁጥር በባዮስ ውስጥ ከሚታየው ጋር አንድ መሆኑንም ያመሳክሩ። የዋስትናው ጊዜ በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ይሁን፤ ባትሪውንና ቻርጀሩን እንደሚያካትት ወይም እንደማያካትትም በግልጽ ይጻፍበት። ቻርጀሩ የዚያው ኩባንያ ካልሆነ፣ የዋት መጠኑ ላፕቶፑ ከሚጠይቀው ያላነሰ መሆኑን ከጀርባው አንብበው ካረጋገጡ በኋላ ብቻ ክፍያውን ይፈጽሙ።