ዳገቱ ስለፈረሰ ብቻ አትደሰቱ፦ በኤምፒኤም ሲሙሌሽን ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

አፈርን በተያያዘ መረብ ከፋፍሎ የሚያሰላው ፋይናይት ኤለመንት የተባለው ዘዴ ቢያንስ ይጮኻል። አፈሩ ከመጠን በላይ ሲበላሽ መረቡ ይጠማዘዝና ሶፍትዌሩ ቀጥ ይላል። ኤምፒኤም (የቁስ ነጥብ ዘዴ፣ Material Point Method) ግን አይቆምም። አፈሩን በቅንጣቶች ይይዛል፣ ስሌቱን ከጀርባ ባለ ግሪድ (የሴሎች መረብ) ላይ ይሠራል፣ ከዚያ ግሪዱን ጥሎ እንደ አዲስ ይጀምራል። ስለዚህ የማይረባ ነገር ብትመግቡትም ዳገቱን አፍርሶ፣ አፍስሶ፣ የሚያምር ቪዲዮ ያስረክባችኋል። የፊልም ሰዎች በረዶና አሸዋ የሚያፈሱት በዚሁ ዘዴ ነው። ለእነሱ ማማሩ ይበቃል፤ ለእኛ አይበቃም።

ጎንደር ውስጥ ይህን ዘዴ የሚነካ ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ሊማሊሞን፣ ያንን ገደላማ ተራራ፣ ይዞ ነው። ይዞት የሚመጣው ስህተትም ያው ነው፤ የመሬት ስበትን በአንዴ መልቀቅ።

አንዱ ላፕቶፑን ከፍቶ፣ "ቲቸር፣ በዝናቡ ዳገቱ ወረደ!" አለኝ። ደስ ብሎታል። "እስቲ ዝናቡን አጥፋውና እንደገና አስነሳው" አልኩት። አጠፋው። ዳገቱ አሁንም ወረደ። ፊቱን ብታዩት ያሳዝናችሁ ነበር። ለስንት ዘመን ቆሞ የኖረ ተራራ ያለ ዝናብ፣ ያለ መንቀጥቀጥ፣ በሰከንዶች ውስጥ ለምን ይፈርሳል? ስበቱ ውስጡ ገና ምንም ውጥረት (stress) በሌለው አፈር ላይ ድንገት ስለተጫነ ነው። እንዲህ ሲሆን አፈሩ ይርገበገባል፣ ውጥረቱም ከትክክለኛው እስከ እጥፍ ይዘላል። የአፈሩ ሞዴል ሲጎዳ የሚለሰልስ ከሆነ በዚያች ዝላይ ይሰበራል፤ የተሰበረ ደግሞ አይመለስም። የምታዩት የመሬት መንሸራተት ሳይሆን የራሳችሁን አጀማመር ነው።

ስበቱን ቀስ አድርጋችሁ ጫኑ፣ ዳምፒንግ (እንቅስቃሴን የሚያበርድ ሰው ሠራሽ ኃይል) ጨምሩ፣ የእንቅስቃሴ ጉልበቱ ወደ ዜሮ እስኪጠጋ ጠብቁ። በዚህ ምዕራፍ አፈሩ እንዳይሰበር ኢላስቲክ (ሲለቁት ወደ ነበረበት የሚመለስ) አድርጋችሁ መያዝም ትችላላችሁ። ከዚያ ነው ዝናቡ የሚመጣው። የጎን ውጥረትን "1 ሲቀነስ ሳይን ፋይ" በሚለው ቀመር (ፋይ የአፈሩ የሰበቃ አንግል ነው) የምትሞሉ ሰዎችም አላችሁ። ቀመሩ የሚሠራው ለጥ ላለ መሬት ነው። ሊማሊሞ ለጥ ያለ መሬት ነው እንዴ?

የዚህ ስህተት መንታ ወንድም ደግሞ ዳምፒንጉን ማጥፋት መርሳት ነው። ለማረጋጊያ 0.75 ያስገባሉ፣ ከዚያ ናዳው ሲወርድም እዚያው ይተዉታል። ናዳው መሀል መንገድ ላይ ይቆማል። ከዚያ "መንደሩ አያሰጋውም" ተብሎ ሪፖርት ይጻፋል። በዚህ ቀልድ የለም።

የጊዜ እርምጃ፣ ማለትም ስሌቱ በአንድ ጊዜ ወደፊት የሚራመደው ቅጽበት። እርምጃው የድምፅ ሞገድ አንድ ሴል ለማቋረጥ ከሚወስድበት ጊዜ ማነስ አለበት። ያንግ ሞዱለሱ (ግትርነቱ) 10 ሜጋፓስካል፣ የፖይሰን ሬሾው (ሲጨመቅ ወደ ጎን የሚያብጥበት መጠን) 0.3፣ ጥግግቱ 1800 ኪሎ በሜትር ኩብ የሆነ አፈር ሞገዱን በሰከንድ 86 ሜትር ገደማ ያስኬዳል። ሴሉ ግማሽ ሜትር ከሆነ ጣሪያው 0.006 ሰከንድ ገደማ ነው። ውሃ የጠገበ አፈር ላይ ግን ሞገዱ 1500 አካባቢ ይደርሳል፤ ጣሪያው ወደ 0.0003 ይወርዳል። ለደረቁ የሠራውን ቁጥር ለእርጥቡ የሚገለብጥ ሰው ብዙ ነው። ለማፋጠን ብላችሁ ክብደቱን በሰው ሠራሽ መንገድ ብታበዙ ለማረጋጊያው ምዕራፍ ያስኬዳል፤ ለናዳው ግን በፍጹም።

ከአፈር ይልቅ የአንገረብን ግድብ ውሃ በኤስፒኤች (ያለ ግሪድ፣ በቅንጣቶች ብቻ በሚያሰላ ዘዴ) ለማፍሰስ የምታስቡም ተመሳሳይ ወጥመድ አለባችሁ። እዚያ የድምፅ ፍጥነቱን የምትመርጡት ራሳችሁ ናችሁ፤ ልማዱ ከውሃው ከፍተኛ ፍጥነት 10 እጥፍ ነው፣ የጥግግቱ ለውጥ 1 በመቶ አካባቢ እንዲቀር። ከፍተኛው ፍጥነት ግን ውሃው ቆሞ ሳለ የሚታየው አይደለም። 5 ሜትር ጥልቀት ያለው ውሃ ሲለቀቅ በሰከንድ 10 ሜትር ገደማ ሊደርስ ይችላል፤ ስለዚህ 100 አስገቡ።

ውጥረቱ እንደ ቆሎ ሲንጣጣ ካያችሁ ቅንጣቶቹ ከሴል ወደ ሴል እየተሻገሩ ነው። በ1994 በወጣው የመጀመሪያው ኤምፒኤም ይህ ያለ ነው። ጀማሪ ግሪዱን ያደቀዋል፤ መሻገሩ በዝቶ ይብስበታል። በ2004 የመጣውን ጂምፕ (ቅንጣቱን እንደ ነጥብ ሳይሆን ስፋት እንዳለው የሚይዝ የኤምፒኤም ዓይነት) ወይም ለስላሳ ስፕላይን (ከሴል ወደ ሴል ሳይሰበር የሚያልፍ ከርቭ) ተጠቀሙ።

የሚለሰልስ አፈር ላይ የመሸራተቻው ባንድ (አፈሩ የሚሰበርበት ቀጭን ንብርብር) ውፍረት የሴላችሁን መጠን ይከተላል። ግሪዱን በቀየራችሁ ቁጥር መልሱ ይቀየራል ማለት ነው። የመለስለሻውን ፍጥነት በሴሉ መጠን አስተካክሉት፣ ወይም ቢያንስ በሦስት ግሪድ ሞክራችሁ ሦስቱንም አሳዩ።

የደምቢያን ዋልካ በአሸዋ ቁጥር አትሥሩት። ዋልካ አንዴ ከተንሸራተተ በኋላ የሚቀረው የሰበቃ አንግል ከመነሻው እጅግ ያነሰ ነው። ርቀቱን የሚወስነውም ይሄ የቀረው ነው።

አሃዶቻችሁ ይስማሙ፤ ኪሎፓስካልና ሚሊሜትር አትቀላቅሉ።

ማንኛውንም ተራራ ከመንካታችሁ በፊት ክብ ዕቃ ውስጥ ያለ ደረቅ አሸዋ፣ ዕቃውን ወደ ላይ አንስታችሁ፣ በሲሙሌሽን አፍስሱ። በ2004 የታተሙ ሙከራዎች መልሱን ሰጥተውናል፤ የአሸዋው ዓምድ ቁመት ለመነሻ ራዲየሱ ሲካፈል ከ1.7 ካነሰ፣ ክምሩ ከመነሻው ጠርዝ አልፎ የሚሄደው ርቀት የቁመቱ 1.24 እጥፍ ያህል ነው። ዕቃውና አሸዋው በእጃችሁ ስላለ ጠረጴዛ ላይም ሞክሩት። ኮዳችሁ እዚህ ካልደረሰ ለሊማሊሞ ገና ነው።

አንድ የኛ አገር ጉዳይ ደግሞ አለ። መብራት ይሄዳል። ሌሊቱን ሙሉ የሚሠራ ስሌት መመለሻ ፋይል (ከቆመበት የሚያስቀጥለው) ሳይኖረው አታስነሱ። ፋይሉን በአንድ ስም ላይ ደጋግማችሁ የምትጽፉ ከሆነ፣ መብራቱ እየተጻፈ ሳለ ከሄደ እሱም ይበላሻል። በሁለት ስም እያፈራረቃችሁ ጻፉ፤ ከሁለት በላይ ማስቀመጥ ዲስክ ከመሙላት በቀር አይጠቅምም።