ድንገት ያነሳችሁትን የታዋቂ ሰው ፎቶ ከመሸጣችሁ በፊት

ሱሉልታ ላይ ፎቶ ቤት የከፈተ ሰው ዝነኛ ፍለጋ አዲስ አበባ መውረድ አያስፈልገውም። ሜዳችን ከ2,600 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የሯጮች ሠፈር ነው። ጎህ ሲቀድ በቴሌቪዥን ባንዲራ ለብሰው ያየናቸው ልጆች ከአሠልጣኞቻቸው ጋር አስፋልቱን ተከትለው ያልፋሉ። ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ድምፃዊውም ተዋናዩም የጎጃምን መንገድ ይዞ አየር ለመቀየር ይወጣል፤ ወተትና እርጎ ይገዛል፤ አንዳንዱም እንጦጦ ጸበል ይጠመቃል። ከሰርግ፣ ከልደትና ከጉርድ ፎቶ መሃል፣ ባለቤቶቹ ሳይዘጋጁ የተነሱ የታዋቂ ሰዎች ፎቶዎች እንዲሁ ካርዳችን ላይ ይቀራሉ። ገዢም አይጠፋም፤ የዩቲዩብ ቻናል አለ፣ የቴሌግራም ገጽ አለ፣ አልፎ አልፎም የውጭ አገር የስፖርት መጽሔት ይመጣል።

እኔ ከእነዚህ ፎቶዎች እሸጣለሁ። የሚበዙትን ግን አልሸጥም። ሥራውን ከእኔ ጋር የሚለማመዱ ወጣቶች «ያኛውን ሸጠሽ ይህኛውን ለምን ከለከልሽ?» እያሉ ስለሚጠይቁኝ አካሄዴን በዝርዝር ልጻፈው። ከሁሉ አስቀድማችሁ ያዙልኝ የምለው ይህን ነው፦ ማንሳትና መሸጥ ሁለት የተለያዩ ውሳኔዎች ናቸው። ስታነሱ ለማሰብ ጊዜ የላችሁም፤ አይን ያየውን ጣት ይጫናል። ስትሸጡ ግን ጊዜ አላችሁ፤ ገዢው ቢያጣድፋችሁም አላችሁ። ሰውን የምትጎዱትም የምታከብሩትም እዚያ ላይ ነው።

ሕጉ የሚለው

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 27 የአንድ ሰው ፎቶ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛና ለሽያጭ እንዳይቀርብ ይከለክላል። አንቀጽ 28 ደግሞ ፈቃድ የማያስፈልግባቸውን ሁኔታዎች ይዘረዝራል፤ የሰውየው ታዋቂነት ወይም የያዘው የሕዝብ ሥልጣን፣ የፍትሕና የፖሊስ ሥራ፣ የሳይንስ፣ የባህልና የትምህርት ጥቅም፣ እንዲሁም በአደባባይ የተፈጸመ ወይም ሕዝብን የሚመለከት ጉዳይ ናቸው። ብዙ ፎቶ አንሺ ታዋቂነት የሚለው ጋ ደርሶ ማንበቡን ያቆማል። ሕጉ ግን ታዋቂ ሰው ሁሉ በማንኛውም ሰዓት ለገበያ ይቅረብ አላለም፤ ታዋቂነቱ የፎቶውን መውጣት ተገቢ ሲያደርገው ነው ያለው። አትሌቷ በታላቁ ሩጫ ላይ እጇን እያውለበለበች ስታልፍ ከታወቀችበት ሥራ ጋር ናት። ልጇን አዝላ ክሊኒክ ስትገባ ግን እንደማንኛችንም እናት ናት። በዚያ ላይ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የግል ሕይወትን ሲጠብቅ ዝነኛውን ከሌላው ሰው አልለየም።

የፍትሐ ብሔር ሕጉን አንቀጽ 29 ደግሞ ገዢ በደወለላችሁ ቁጥር አስታውሱት። ያለ ፈቃዱ ፎቶው የተሸጠበት ሰው ሽያጩ እንዲቆም መጠየቅ ይችላል፤ ፍርድ ቤትም ተገቢ ሆኖ ሲያገኘው ሻጩ ከዚያ ፎቶ ያገኘውን ጥቅም ያህል ካሳ እንዲከፍል ሊያዝ ይችላል። እንዲያቆም ተጠይቆ ወዲያው ያላቆመ ደግሞ ተጨማሪ ካሳ ሊመጣበት ይችላል።

ካሜራ የማላነሳባቸው ቦታዎች

ጸበል ቦታ አላነሳም። እንጦጦ የሚጠመቅ ሰው ወይ ታማሚ ነው ወይ አስታማሚ፤ ልብሱን አውልቆ፣ በብርድ እየተንቀጠቀጠ፣ ከፈጣሪው ጋር ነው ያለው። ያንን ፎቶ የሚፈልግ ገዢ ሕዝቡ «ምን ታሞ ይሆን?» ብሎ እንዲጠረጥርለት ነው የሚከፍለው፤ ጥርጣሬውም ሰውየው ከዳነ በኋላ እንኳ አይለቀውም። አንድ ገዢ ለእንዲህ ያለው ፎቶ ከሰርግ ሥራዬ የሚበልጥ ገንዘብ ሊሰጠኝ ተስማምቶ ነበር። ካሜራዬን ይዤ ወደዚያ እንደማልወጣ ነገርኩት፤ ዛሬም አልወጣም።

ለቅሶ ቤትም እንደዚያው ነው። የቀብር ሥነ ሥርዓቱ በአደባባይ የተደረገና ሕዝብ የተጠራበት ከሆነ ሰልፉን፣ የአበባ ጉንጉኑን፣ ንግግር የሚያደርገውን ሰው ማንሳት ተገቢ ነው። ድንኳኑ ውስጥ ደረቷን እየደቃች የምታለቅስን ተዋናይት ግን ሌንስ አስረዝሞ ማንሳት ለቀስተኛ መስሎ ገብቶ መስረቅ ነው።

ልጆችን በተመለከተ ከማንም ጋር አልደራደርም። የታዋቂ ሰው ልጅ ዝናን አልመረጠም። የካሊፎርኒያ ግዛት እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው ሕግ፣ ልጅን በወላጁ ሥራ ምክንያት እየተከታተሉ በፎቶ ማስጨነቅ እስራት የሚያስከትል ጥፋት ሆኗል፤ ሃሊ ቤሪና ጄኒፈር ጋርነር የመሰሉ ተዋናዮች ምክር ቤት ቀርበው ስለ ልጆቻቸው መስክረው ነበር። እኛ ዘንድ በስሙ የተጻፈ እንዲህ ያለ ሕግ እስኪመጣ የምንጠብቅበት ምክንያት አይታየኝም። ልጅ ከፎቶው ውስጥ ካለ ወላጁ ራሱ ካላዘዘኝ በቀር ፎቶው ከካርዱ ይጠፋል።

አትሌቶች ላይ ሰፋ አድርጌ ልናገር፣ ምክንያቱም እዚህ ሠፈር የሚበዛው ፈተና እሱ ነው። ልምምድ ላይ የሚያነክስ ሯጭ ፎቶ እጅግ ይፈለጋል። አስቡት፤ የማራቶን አዘጋጆች ለታወቀ ሯጭ ገና ለመሳተፉ ብቻ ገንዘብ ይከፍላሉ፤ የጫማ ድርጅት ውልም የልጁንና የቤተሰቡን ኑሮ የተሸከመ ነው። ጅማቱ ትንሽ ይዞት ለሁለት ሳምንት የሚያርፍ ልጅ፣ አሠልጣኙ ትከሻውን ደግፎት የሚታይበት አንድ ፎቶ ከወጣ፣ ማናጀሩ ከራሱ ከልጁ ሳይሰማ ከቴሌግራም ያየዋል። ከእግሩ ሕመም ይልቅ ፎቶው ነው ውሉን የሚያቃውሰው። ስለዚህ የጉዳት ፎቶ አልሸጥም፤ ገና ይፋ ያልወጣ የሙከራ ጫማ የሚታይበትንም አልሸጥም። ጉም ውስጥ ሰብሰብ ብለው ሲሮጡ፣ ከልምምድ በኋላ ሣር ላይ ተቀምጠው ሲሳሳቁ የሚታዩባቸውን ግን አሳይቼ፣ እሺታቸውን አግኝቼ እሸጣለሁ። የውጭ መጽሔቶቹም በእውነት የሚፈልጉት ይህንን ነው።

ከዝነኛው አጠገብ የቆመው ሰው

ይህ የሚረሳ ነገር ነው። በዕድሜ የገፉ አንድ ድምፃዊ ወደ ጫንጮ በሚወስደው መንገድ ዳር መኪናቸውን አቁመው የተጠበሰ በቆሎ እየበሉ ከሻጯ ጋር ሲጫወቱ አነሳኋቸው። እሳቸው ከት ብለው ይስቃሉ፤ ሻጯም ማራገቢያዋን ይዛ ቀና ብላ ትስቃለች። የሚያምር ፎቶ ነበር። ጠጋ ብዬ «ጋሼ፣ አሁን ሲጫወቱ አንስቼዎታለሁ፣ ላሳይዎት?» አልኳቸው። አይተው «እኔ ምን እሆናለሁ፣ ሕዝብ ያውቀኛል፤ እሷን ጠይቂያት» አሉኝ። ሻጯን እትዬ ብዬ ሳሳያት ፊቷ ተለወጠ። «ልጄ፣ አገር ቤት ያሉት ወንድሞቼ መንገድ ዳር እንደምሸጥ አያውቁም፤ ፊቴን አታውጪብኝ» አለችኝ።

የአንቀጽ 28 የታዋቂነት ነገር እሳቸውን እንጂ እሷን አይመለከትም። ከተከታታዮቹ ፎቶዎች መካከል አጎንብሳ ከሰሉን የምታራግብበትን፣ እጇና ማራገቢያው ብቻ የሚታይበትን መረጥኩና መልሼ አሳየኋት፤ እሺ ያለችው እሱን ነው፤ የተሸጠውም እሱ ነው። ከሽያጩም ድርሻ ሰጥቻታለሁ፤ የፎቶው ውበት ግማሹ የእሷ እጅ ነበርና። እናንተም ከዝነኛው በፊት ሹፌሩን፣ አስተናጋጇን፣ ጫማ የሚጠርገውን ልጅ እዩ። ዝነኛው ክፉ ቢጻፍበት ጋዜጠኛ ጠርቶ መልስ ይሰጣል፤ እነሱ መልስ የሚሰጡበት መድረክ የላቸውም።

አካሄድ

በመኪና መከተል የለም። ከአዲሱ ገበያ ወጥቶ የእንጦጦን ተራራ ተሻግሮ ወደ እኛ የሚወርደው መንገድ ጠመዝማዛ ነው፤ ጠዋት ጉም ይወድቅበታል፤ የጭነት መኪናና ሚኒባስ ተከታትሎ ይወርድበታል። ልዕልት ዳያና እ.ኤ.አ. ነሐሴ 31 ቀን 1997 ፓሪስ ውስጥ በአልማ ዋሻ በደረሰ አደጋ ስትሞት ፎቶ አንሺዎች መኪናዋን እየተከተሉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2008 ለንደን ላይ የተጠናቀቀው የአሟሟት ምርመራ ችሎት ጥፋቱን በጠጣው ሹፌርም በተከታዮቹ ተሽከርካሪዎችም አነዳድ ላይ አድርጎታል። ይህን እያወቀ መሪ የሚጨብጥ ፎቶ አንሺ ሊኖር አይገባም።

በእግርም ቢሆን ልክ አለው። ሮን ጋሌላ የሚባለው አሜሪካዊ ፎቶ አንሺ የጆን ኬኔዲ ባለቤት የነበሩትን ዣክሊን ኦናሲስን ለዓመታት ሲከታተል ኖሮ ፍርድ ቤት ቀረበ፤ ትንሹ ልጃቸው ፓርክ ውስጥ ብስክሌት ሲነዳ ድንገት ፊቱ ዘሎ መግባቱም ከተመሰከረበት ነገር አንዱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1973 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ማንሳቱን አልከለከለውም፤ ከ25 ጫማ፣ ማለትም ከ7 ሜትር ተኩል ገደማ በላይ እንዳይጠጋቸው ነው የወሰነው። እኔ በሜትር አልለካም። ሰውየው በእኔ ምክንያት መንገዱን ከቀየረ፣ እርምጃውን ካፈጠነ ወይም ሴትየዋ በነጠላዋ ፊቷን ከሸፈነች ካሜራዬ ይወርዳል፤ የተነሳውም አይሸጥም።

ለዘበኛና ለአስተናጋጅ ጉርሻ ሰጥቶ «ማን መጣ?» ብሎ ማስጠቆምን አልቀበልም። ሲታወቅ እንጀራውን የሚያጣው ጠቋሚው እንጂ ፎቶ አንሺው አይደለም።

ከገዢው ጋር

ገዢን ከዋጋው በፊት የምጠይቀው «ከፎቶው በላይ ምን ትጽፋላችሁ?» ብዬ ነው። ፎቶው ያው ሆኖ «ከልምምድ በኋላ» ሲባልና «ጉድ ወጣ» ሲባል ሁለት የተለያየ ነገር ይሸጣል። ጽሑፉን በዋትስአፕ ወይም በቴሌግራም አስቀድመው እንዲልኩልኝ አደርጋለሁ፤ የማይልክ አይገዛኝም።

ከዚያ ውል። አንድ ገጽ ይበቃል፤ ግን በጽሑፍ ይሁን። ፎቶው የት እንደሚወጣና ለምን ያህል ጊዜ፣ ጽሑፉ ያለ እኔ ፈቃድ እንደማይቀየር፣ ለሌላ እንደማይሸጥ፣ ለማስታወቂያ እንደማይውል፣ እንዲወርድ ከጠየቅኩ እንደሚወርድ ይጻፍበት። ማስታወቂያውን በተለይ አጥብቁት፤ የአትሌት ፎቶ ሱቅ ደጃፍ ላይ ተለጥፎ ጫማ ቢሸጥበት እሱ ያላደረገውን ውል እናንተ ፈረማችሁበት ማለት ነው። በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ጥበቃ ያገኘ ፎቶ ከተሠራበት ጊዜ ጀምሮ ለ25 ዓመት መብቱ የአንሺው ነው፤ ይህ መብት ግን በተነሳው ሰው ፊት ላይ መብት አይሰጣችሁም።

ቆርጦ ማውጣት የሚባለውንም በውሉ ከልክሉ። ሁለት ተዋንያን ከለቅሶ ቤት ሲወጡ መሃላቸው የነበረው የሟች ወንድም ተቆርጦ ቢወጣ፣ ተደጋግፈው የሚሄዱ ፍቅረኞች ሆነው ይታያሉ። አንድም ነገር ሳይጨመርበት ፎቶው ዋሸ ማለት ነው። ስለዚህ የምልከው ፋይል ሙሉ ነው፤ መጠኑ እንዳይነካ እጽፋለሁ።

ከመላኬ በፊት ፎቶው ውስጥ የተቀመጠውን የጂፒኤስ መረጃ አጠፋለሁ። ስልክና አንዳንድ ካሜራ ቦታውን በትክክል መዝግበው ከፋይሉ ጋር ስለሚያስቀምጡ፣ ገዢው የሰውየውን ቤት ሊያገኝበት ይችላል። የግቢው በር፣ የቤት ቁጥሩ፣ የመኪናው ታርጋ የሚታይበትንም ፎቶ አልመርጥም። ዳር አገር ቤት የሠራ ዝነኛ ብዙውን ጊዜ ጸጥታ ፈልጎ ነው የወጣው፤ ሌሊት ደግሞ ሠፈራችን ጭር ይላል።

ፈቃድ ስትጠይቁ አታስረዝሙ። እኔ ፎቶውን አያይዤ እንዲህ ብዬ እልካለሁ፦ «ጤና ይስጥልኝ። ሱሉልታ ፎቶ ቤት ያለኝ ባለሙያ ነኝ። ዛሬ ጠዋት ይህን ፎቶ አንስቻለሁ። ለእገሌ መጽሔት ከዚህ ጽሑፍ ጋር ልሸጠው አስቤያለሁ። ካልተስማማዎት አልሸጠውም፤ ፎቶውን ግን ለራስዎ በነፃ ይውሰዱት።» ዝምታን እንደ እሺታ አልቆጥረውም። የተከለከልኩበት ፎቶም ለሌላ ገዢ አይዞርም።

በመጨረሻ መዝገብ ያዙ፤ የትኛው ፎቶ፣ ለማን፣ መቼ፣ በስንት ብር፣ ፈቃዱ በጽሑፍ ይሁን በቃል። ፈቃድ የሰጠ ሰው ቆይቶ ሐሳቡን ሊቀይር ይችላል፤ ትዳር ይፈርሳል፣ ሰው ይታመማል፣ አብሮት የተነሳው ጓደኛው ይሞታል። ያን ቀን ደውሎ «አውርጂልኝ» ሲላችሁ ማን ጋ እንደምትደውሉ የምታውቁት መዝገቡ ካለ ብቻ ነው። ገዢው ላወርድ አልችልም ቢል እንኳ፣ የገዢውን ስምና የውሉን ቅጂ ለባለ ፎቶው ስጡት፤ ራሱ ሊጠይቅበት መብት አለው።