ቮልስ ከማገላበጣችሁ በፊት፦ ማጋደሚያ ወይስ ማሽከርከሪያ?

የቮልስ ዝገት ከላይ አይታይም። ቀለሙ የሚያብለጨልጭ መኪና ምንጣፉን ስታነሱት ወለሉ ወንፊት ሆኖ ታገኙታላችሁ፤ በተለይ ከኋላ ወንበር ሥር፣ ባትሪው የሚቀመጥበት ጥግ። በጀርባ ተኝቶ፣ ፍንጣሪው አንገት ላይ እየወረደ መበየድ ይቻላል፣ ብዙዎቻችን ሠርተነዋል። ብየዳው ግን ጥሩ አይወጣም። ስለዚህ ቦዲውን ማዞር ግድ ነው። በምን?

ማጋደሚያ የሚባለው በአንድ ጎን ያሉት ሁለት ጎማዎች ተፈትተው ቡሎኖቹ በሚገቡበት ቦታ ይታሰርና በክሪክ እየተነሳ መኪናውን በጎኑ ያስተኛዋል። ዋጋው ይቀላል፣ ሥራው ሲያልቅ ፈታትታችሁ ግድግዳ ጥግ ታቆሙታላችሁ። ማሽከርከሪያው ደግሞ ፊትና ኋላ የሚቆሙ ሁለት እግሮች አሉት፤ ፓራውልቱ የሚታሰርበት ቦታ ላይ ተይዞ ቦዲውን ሙሉ 360 ዲግሪ ያዞረዋል። ጣሪያውን፣ ውስጡን፣ ሥሩን በሙሉ እስከ ላሜራው ልጣችሁ ቀለም ልትቀቡ ከሆነ ይሄኛው ነው የሚያዋጣችሁ።

ለአብዛኛው ቮልስ ግን እኔ ማጋደሚያውን እመርጣለሁ። ምክንያቱም ቮልስ ላይ ዋናው በሽታ በሮቹ ሥር በግራና በቀኝ የሚሄዱት፣ የሞተሩን ሙቀት ወደ ውስጥ የሚያመጡት ቦዮች ናቸው። ቦዲው ከወለሉ ጋር በቡሎን የሚታሰረው በነሱ በኩል ነው። ቦዲውን ከወለሉ ነጥላችሁ፣ አየር ላይ ሰቅላችሁ ቦዮቹን ከቆረጣችሁ ቅርፁ ይዛባል፣ ከዚያ በኋላ በሩ አልገጥም ይላችኋል። ወለሉ ላይ እንደታሰረ ይሠራ። ማጋደሚያው ሁለቱን አንድ ላይ ያነሳቸዋል። በየትኛውም ብትሠሩ ከመቁረጣችሁ በፊት የበሩን ክፍተት ከውስጥ በቱቦላሬ በይዳችሁ አጠንክሩት።

ማሽከርከሪያ ከመረጣችሁ መጀመሪያ የምታዩት ስንት ኪሎ ይሸከማል የሚለውን አይደለም። መኪናችሁ የሚታሰርበት ላሜራ ጤነኛ ነው ወይ? አንድ ጋራዥ ውስጥ የፊቱ ማሰሪያ በስቱኮ የተሞላ ቦዲ ሲዞር ቆሜ አይቻለሁ። ግማሽ መንገድ ላይ ጨርቅ ሲቀደድ የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ወጣ፣ ከዚያ የፊቱ ጫፍ አንድ ጣት ያህል ወረደ። ሥሩ ሰው ስላልነበረ እግዚአብሔር ይመስገን። ስለዚህ ማሰሪያውን በመዶሻ ነካ ነካ አድርጋችሁ ፈትሹት፤ ድምፁ የታፈነ ከሆነ መጀመሪያ እሱን አድሱት።

ሁለተኛው ነገር ከፍታው የሚስተካከል መሆኑ ነው። መዞሪያው በቦዲው የክብደት መሐል ላይ ካላለፈ መኪናው ይታገላችኋል። ሞተሩን፣ በሮቹንና መስታወቶቹን ካወጣችሁ በኋላ ሁለት ሆናችሁ ትንሽ አዘንብሉት። እየጎተተ ወደ ቀድሞ ቦታው ከተመለሰ ክብደቱ ከመዞሪያው በታች ነው፣ ቦዲውን ከፍ አድርጉ። በራሱ ሊገለበጥ ከፈለገ ዝቅ አድርጉት። ሲስተካከል በአንድ እጅ ይዞራል፣ የተዋችሁበትም ይቆማል። የቆመ ቢመስልም መቆለፊያ ብረቱን ሳታስገቡ ሥሩ አትግቡ። በግጭት ብቻ የሚይዝ፣ ቡሎን በማጥበቅ የሚቆም ዓይነት አትግዙ፤ ቀዳዳና ዘንግ ያለው ይሁን። ማጋደሚያም ላይ እንደዚሁ ነው፣ ክሪኩ ለማንሳት እንጂ ለመሸከም አይደለም።

ቦታችሁንም ለኩ። ቮልስ 4 ሜትር ገደማ ይረዝማል፣ ከሁለቱ እግሮች ጋር 6 ሜትር ያዙለት። ትንንሽ ጎማ ያላቸው እግሮች ሊሾ ወለል ላይ ያምራሉ፤ ኮብልስቶን ወይም አፈር ግቢ ከሆነ ግን አንዱ ጎማ ሲሰምጥ ቦዲው ይጣመማል፣ ጎማ የሌለው ይሻላችኋል። ሁለቱ እግሮች በታች በኩል በረጅም ብረት የተያያዙ ቢሆኑ ደግሞ እንዳይራራቁ ይጠብቃቸዋል። ጎበዝ በያጅ ካላችሁ ከቱቦላሬ ማሠራትም ይቻላል፣ መዞሪያውን ብቻ ወፍራም ቱቦ አድርጉት።

ከማጋደላችሁ በፊት ቤንዚኑን አውጡ፤ ታንከሩ ፊት ኮፈኑ ሥር ነው፣ በጎን ሲተኛ ከክዳኑ ይንጠባጠባል፣ እናንተ ደግሞ ብየዳ ልትይዙ ነው። ባትሪው ይውጣ። የፍሬን ዘይትም ይቀዳ፣ ቀለም ይበላል። የብየዳውን መሬት ገመድ ደግሞ ማሽከርከሪያው እግር ላይ ሳይሆን ቦዲው ላይ፣ ከምትበይዱበት አጠገብ ንክሱት።