የሥራ ፍሰት ሶፍትዌር ከመግዛትዎ በፊት አንዲት የግዢ መጠየቂያ ይከተሉ

መሥሪያ ቤቱ የሒሳብ ፕሮግራም አለው፤ የሠራተኛ መረጃና የግምጃ ቤት መመዝገቢያም አለው። የጎደለው በመሃላቸው የሚመላለሰውን ወረቀት የሚከታተል ነው፤ ማን ጠየቀ፣ ማን ፈቀደ፣ አሁን የማን ጠረጴዛ ላይ ተኝቷል? የሥራ ፍሰት ሶፍትዌር የሚፈለገው ለዚህ ነው። ችግሩ የሚመጣው ከሌሎቹ ጋር መነጋገሩ ሳይታይ ብቻውን ሲገዛ ነው።

መጀመሪያ አንዲት የግዢ መጠየቂያ ይምረጡና ከጠያቂው ክፍል እስከ ክፍያ ድረስ በእግርዎ ይከተሏት። የት ቆመች? ማን ምን ጻፈባት? እኔ የተከተልኳት የፕሪንተር ቀለም መጠየቂያ ጥግ ላይ ኃላፊው "ለግዢ፣ በጀት ካለ ይፈጸም" ብለው መርተዋታል። ሶፍትዌሩን የምትፈትነው ይህቺ "ካለ" ናት። በጀት መኖሩን የሚያውቀው የሒሳብ ፕሮግራሙ ነዋ!

ስለዚህ ቀጥሎ ለእያንዳንዱ መረጃ ባለቤት ይወስኑ። ቀሪ በጀት የሒሳብ፣ የዕቃ ክምችት የግምጃ ቤት፣ የሠራተኛው ስምና የሥራ መደብ የሰው ኃይል ነው። አዲሱ ሶፍትዌር እነዚህን ጠይቆ ይጠቀም እንጂ የራሱን ቅጂ አያከማች። ሻጩን "ከሒሳቡ ጋር በምን ይገናኛል?" ይበሉት። "ኤክሴል አውጥታችሁ ትጭናላችሁ" ካለ ድልድዩ እርስዎ ነዎት ማለት ነው። ማታ ማታ ፋይል መለዋወጥ ለዕቃ ክምችት ሊበቃ ይችላል። ለበጀት ግን አይሆንም፤ በአንድ ከሰዓት በኋላ ሁለት መጠየቂያዎች በዚያው ገንዘብ ሊፈቀዱ ይችላሉ።

ያለዎትንም ሳያዩ አይግዙ። ለምሳሌ ሒሳብን፣ ግዢንና ግምጃ ቤትን በአንድ ላይ የሚይዘው ኢአርፒኔክስት የተባለ ሶፍትዌር የማጽደቅ ሰንሰለት በውስጡ አለው። እንዲህ ያለ ሥርዓት እየተጠቀሙ ለሦስት ፊርማ ሌላ ሶፍትዌር መግዛት በእኔ አስተያየት ገንዘብ መጣል ነው።

ሻጩ ሊያሳይዎ ሲመጣ የእሱን ናሙና ሳይሆን የእርስዎን ፎርም ያሠሩት። የተሳካውን መንገድ ሁሉም ያሳያል፤ እርስዎ የተበላሸውን ይጠይቁ። ኃላፊው መስክ ወጥተው ምክትላቸው ቢወከሉ ፊርማው በማን ስም ይመዘገባል? ከጸደቀ በኋላ ዋጋው ቢጨምር መጠየቂያዋ ወደ የትኛው ደረጃ ትመለሳለች?

የአገራችንን ጉዳይ ለሻጩ ቀና ልብ አይተዉት። ጳጉሜን ይቀበላል? የበጀት ዓመቱን ከሐምሌ 1 ይጀምራል? "ፀሐይ" ብሎ የተመዘገበን ስም "ጸሀይ" ብለው ቢፈልጉ ያገኘዋል? ይህን እዚያው ፊቱ ይሞክሩት፤ ብዙ ጊዜ ዝምታ የሚሰፍነው እዚህ ጋ ነው። በስምና በአባት ስም ብቻ የሚለይ ከሆነ ደግሞ ሁለት መሠረት ከበደዎች አንድ ሰው ይሆናሉ፤ የሠራተኛ መለያ ቁጥር ግድ ነው።

መውጫዎንም ያስቡ። የሥራ ፍሰት ንድፍ የሚሣልበት ቢፒኤምኤን 2.0 የሚባል የጋራ ቋንቋ ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ። ንድፍዎ በዚህ ከወጣ ሌላ ሶፍትዌር ውስጥ ሊከፈት ይችላል፤ የግንኙነቱ ሥራ ግን እንደገና ይሠራል። እንደ ፍሎዌብል ያሉ ምንጫቸው ክፍት የሆኑ፣ ማለትም ኮዳቸውን ማንም አይቶ ሊያስተካክለው የሚችል የሥራ ፍሰት ሶፍትዌሮችም አሉ፤ ፈቃዱ ነጻ ቢሆንም የሚያስተካክለው ባለሙያ ደሞዝ ይፈልጋል።

ኦዲተሩንም ከውል በፊት ያነጋግሩ። የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ቁጥር 1072/2010 አለ፤ ሆኖም የእርስዎ ኦዲተር ማህተም ያረፈበት ወረቀት የሚጠይቅ ከሆነ ሶፍትዌሩ ማተም መቻል አለበት።

በመጨረሻ በአንድ ክፍል፣ በአንድ የሥራ ዓይነት ይሞክሩ፤ ወረቀቱ የሚቆምበትንም ቀን አስቀድመው ይቁረጡ። በሙከራው መሃል አንዱ ሲያጸድቅ የኔትወርክ ገመዱን ይንቀሉ። መልሰው ሲሰኩት መጠየቂያዋ ሳትጠፋም ሳትደገምም አንድ ጊዜ ብቻ ጸድቃ ካገኟት ስለ ዋጋ መነጋገር ይችላሉ።