ትንሽ መኪና ይዞ በመሀል አዲስ አበባ በደስታ ለመንዳት

የመኪና ወሬ ሲነሳ ሁሌ የሚቀድመው የፈረስ ጉልበት ነው። ስንት ሲሲ ነው፣ ከዜሮ እስከ መቶ በስንት ሴኮንድ ይገባል፣ መጨረሻው ስንት ነው። ቪትዝ ወይም ዲዛየር የሚነዳ ሰው እዚህ ጋ ዝም ይላል፤ ቢናገርም «ቤንዚን አትበላም» ከማለት አያልፍም። መኪናው ትንሽ ስለሆነ መንዳቱም ጣዕም የሌለው ይመስለዋል። እኔ በዚህ ፈጽሞ አልስማማም። በመሀል አዲስ አበባ፣ ከመስቀል አደባባይ እስከ ስድስት ኪሎ፣ ከለገሃር እስከ ፒያሳ ባለው መንገድ ላይ፣ ትንሿ መኪና ከትልቁ የስፖርት መኪና የበለጠ የመንዳት ደስታ ትሰጣለች። ግን ዝም ብሎ አይመጣም። አነዳዱን ማወቅ ይጠይቃል።

መጀመሪያ ምክንያቱን እንይ። 500 ፈረስ ጉልበት ያለው መኪና በሁለተኛ ማርሽ ብቻ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትርን አልፎ ይሄዳል። እስቲ እሱን ይዛችሁ ቸርችል ጎዳና ላይ ውጡ። ነዳጅ መስጫውን እስከ ታች ብትረግጡት ከጥቂት ሴኮንድ በኋላ ወይ ፊታችሁ ያለው ሚኒባስ ጀርባ ላይ ናችሁ፣ ወይ ትራፊክ ፊት ቆማችሁ መንጃ ፈቃድ እየሰጣችሁ ነው። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ በእግር ጣት ጫፍ እየነካካችሁ ትውላላችሁ፤ ከገዛችሁት ጉልበት አብዛኛው ኮፈኑ ስር ተኝቶ ይውላል። ክብደቱም አለ። ኒሳን ጂቲ-አር 3.8 ሊትር ባለ ሁለት ቱርቦ ሞተር ተሸክሞ ከ1,700 ኪሎ በላይ ይመዝናል። 1.0 ሊትሯ ቪትዝ ከአንድ ቶን በታች ናት። በሁለተኛ ማርሽ 40 ላይ ስትሄድ ሞተሯ በደቂቃ ከ3,000 ዙር በላይ እየዞረ ነው፤ ይሰማችኋል፣ መሪው ላይ ይታወቃችኋል፣ ዳገት ላይ ደግሞ ነዳጅ መስጫውን እስከ ወለሉ ብትጫኑት እንኳ ከተፈቀደው ፍጥነት ሳትወጡ ያላትን ሁሉ ትጠቀማላችሁ። ለእኔ የመንዳት ደስታ ማለት መኪናው ያለውን ሁሉ መጠቀም መቻል ነው።

ከፍታውን አትርሱ

መሀል አዲስ አበባ ከባህር ወለል በላይ 2,350 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። አየሩ ስስ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር ደግሞ ጉልበቱ የሚስበው አየር ያህል ነው፤ ስለዚህ እዚህ ከአምስት አንድ እስከ ሩብ የሚሆነውን ያጣል። የመጀመሪያዋ ቪትዝ 1.0 ሞተር ወረቀት ላይ 70 ፈረስ ጉልበት አላት፣ አራት ኪሎ ላይ ግን 55 አካባቢ ቢኖራት ነው። ቱርቦ ያለው መኪና አየሩን ገፍቶ ስለሚያስገባ ብዙም አይጎዳም፤ በዚህ በኩል ትልልቆቹ ይበልጡናል፣ እውነት ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? ሞተሩን ማዞር አትፍሩ። ብዙ ሰው ቤንዚን ለመቆጠብ ብሎ ገና 25 ላይ ሦስተኛ፣ 35 ላይ አራተኛ ያስገባል፤ ከዚያ ትንሽ ዳገት ሲመጣ መኪናዋ ትንቀጠቀጣለች፣ እሱም የበለጠ ይረግጣል። ይሄ ሞተሩን ያስጨንቀዋል እንጂ አይጠቅመውም። ትንንሽ ሞተሮች ጉልበታቸው ያለው ከፍ ያለ ዙር ላይ ነው፤ የቪትዟ ከፍተኛ ጉልበት የሚገኘው 6,000 ዙር አካባቢ ነው። እዚያ ድረስ ሁልጊዜ ውሰዷት አልልም፣ ግን ዳገት ላይ ከ3,000 እስከ 4,500 ድረስ በደንብ ትዙር። ድምፁ ከፍ ሲል የተበላሸ ነገር ያለ እንዳይመስላችሁ፣ የተሠራችው ለዚያ ነው። ሁለት ነገር ብቻ ጠብቁ፦ ሞተሩ ሳይሞቅ አታስጩሁት፣ በተለይ የአዲስ አበባ ጠዋት ብርድ ሲሆን፤ ዘይቱንም በጊዜው ቀይሩ።

ከመነሳታችሁ በፊት

ከምንም ነገር በላይ ጎማ። ትንሽ መኪና ቀላል ስለሆነች የጎማው ንፋስ ትንሽ ሲቀንስ ወዲያው መሪዋ ይደነዝዛል፣ ኩርባ ላይ ትዋዥቃለች። የሹፌሩን በር ስትከፍቱ ፍሬሙ ላይ ንፋሱ ስንት መሆን እንዳለበት የሚገልጽ ወረቀት ተለጥፏል። ጎሚስታው በአይኑ አይቶ «ይበቃዋል» ሲል አትቀበሉ፤ ቁጥሩን ንገሩት፣ በጌጅ ይለካ፣ ጎማው ሳይሞቅ ደግሞ ይሁን። ጉድጓድ የመታ መኪና አላይመንቱ ይታይ። መሪውን ስትለቁት ወደ አንድ ጎን የሚጎትት መኪና ማንንም አያስደስትም፣ ጎማም ይበላል።

ፍሬን ሸራችሁን አሳዩ። ኮርቻውን ወደ ፊት አምጡት፤ ፍሪሲዮኑን እስከ መጨረሻ ረግጣችሁ ጉልበታችሁ ትንሽ ታጥፎ መቅረት አለበት፣ ክንዳችሁም መሪው ላይ እንደዚያው። ተጋድሞ መንዳት ፋሽን ይመስላል እንጂ መኪናዋ የምትነግራችሁን ነገር ያስቀርባችኋል። የማያስፈልግ ዕቃ ከኋላ አውጡ፤ ከአንድ ቶን በታች በሆነች መኪና ላይ ሃምሳ ኪሎ በደንብ ይታወቃል።

እሁድ ጠዋት አንድ ዙር

መንገዱ ባዶ የሚሆነው እሁድ በማለዳ ነው። ሩጫ ወይም በዓል ካለ መንገድ ይዘጋልና ቀድማችሁ አጣሩ፤ በኮሪደር ልማቱ ብዙ መንገድ ስለተቀየረም ያለፈውን ዓመት በማስታወስ ሳይሆን ምልክቱን በማየት ንዱ።

ከመስቀል አደባባይ ተነሱና በአፍሪካ አዳራሽ፣ በሂልተን፣ በቤተ መንግሥቱ በኩል ወደ አራት ኪሎ ውጡ። ረጅም፣ ሰፊ፣ ቀስ ብሎ የሚወጣ ዳገት ነው። እዚህ የሚሠራው ሥራ አንድ ብቻ ነው፦ ሦስተኛ ማርሽ ይዞ፣ ሳያጓሩና ሳይለቁ፣ ፍጥነቱን አንድ ላይ ማቆየት። ቀላል ይመስላል፣ ሞክሩት። እግራችሁ ነዳጅ መስጫው ላይ በትንሽ በትንሹ መሥራት ይጀምራል።

ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ ስትታጠፉ የዙሩ ጣፋጭ ቦታ ይመጣል። መንገዱ ወደ ራስ መኮንን ድልድይ ይወርዳል፣ ከድልድዩ በኋላ ወዲያው ወደ ፒያሳ ይወጣል። አብዛኛው ሰው ቁልቁለቱን በሦስተኛ ወይም በአራተኛ ይለቀዋል፣ ድልድዩ ላይ ይደርሳል፣ ዳገቱ ሲጀምር መኪናዋ ትሞትበታለች፣ ያኔ ማርሽ መቀነስ ይጀምራል። ይሄኔ አልፏል። ቁልቁለቱ ላይ ሳላችሁ ፍሬን በለስላሳው ያዙ፤ ድልድዩ ሳይደርስ ፍሪሲዮን ረግጣችሁ ማርሹን ወደ ሁለተኛ አምጡ፤ ፍሪሲዮኑን ከመልቀቃችሁ በፊት ነዳጅ መስጫውን ለአፍታ ነካ አድርጉት፣ የሞተሩ ዙር ከፍ ይላል፣ ከዚያ ፍሪሲዮኑን ልቀቁ። ዙሩ ከተገጣጠመ መኪናዋ ምንም አትነቀንቃችሁም፣ ጎናችሁ የተቀመጠው ሰው ማርሽ መቀየራችሁን በድምፁ ብቻ ነው የሚያውቀው። ዳገቱ ሲጀምር ሞተሩ ዝግጁ ነው፣ ትረግጣላችሁ፣ ትወጣላችሁ። በ500 ፈረስ ጉልበት ይሄን ማድረግ አያስፈልግም፣ በየትኛውም ማርሽ ይወጣዋላ። ትንሿ መኪና ግን አስቀድማችሁ እንድታስቡ ታስገድዳችኋለች፣ ሲሳካላችሁም ደስታው የእናንተ ነው።

ፒያሳ ላይ የዓድዋ ድል መታሰቢያን አልፋችሁ ወደ ማዘጋጃ ቤት፣ ከዚያ በቸርችል ወደ ለገሃር ውረዱ። እዚህ ላይ አንድ የቆየ ልማድ መተው አለበት፦ ማርሹን ዜሮ አድርጎ መውረድ። ኢንጀክሽን ያለው መኪና ማርሽ ውስጥ ሆኖ እግራችሁን ከነዳጅ መስጫው ስታነሱ ቤንዚኑን ጨርሶ ያቋርጣል፤ ዜሮ ላይ ስታደርጉት ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ቤንዚን ማቃጠሉን ይቀጥላል። ስለዚህ ዜሮ ማድረግ ቁጠባም አይደለም፣ መኪናውንም ከእጃችሁ ያወጣዋል። ካርቡሬተር ባላቸው የድሮ ዲኤክስና ቮልስ ላይ የቤንዚኑ ነገር ይለያል፣ የደህንነቱ ነገር ግን ያው ነው። በሦስተኛ ያዙ፣ ሞተሩ ይጎትታችሁ፣ ፍሬኑን ለመብራቱና ለዜብራው ጠብቁት። ዜብራ ላይ ሰው ካለ ቁሙ፤ ማለዳ ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱ ብዙ አዛውንቶች አሉ።

መጨናነቅ ሲኖርስ?

የሥራ ቀን ሜክሲኮ ወይም ካሳንችስ ላይ ስለ ኩርባ ማውራት አይቻልም። ያኔ የሚያስደስተው ሌላ ነው፦ ፍሬን ሳይነኩ መሄድ። ፊታችሁ ያለውን መኪና ብቻ አትዩ፣ ከሱ ወዲያ ሁለት ሦስት መኪና አሻግራችሁ እዩ። የፍሬን መብራት ሲበራ እግራችሁን አንሱ፣ ማርሽ ቀንሱ፣ ሳትቆሙ ሰልፉ ሲንቀሳቀስ ትደርሱበታላችሁ። ክፍተት ስትተዉ ሌላው ይገባል ብላችሁ አትናደዱ፣ ይግባ። አደባባይ ላይ ትንሽ መኪና ትልቅ ጥቅም አላት፤ አፍንጫዋ አጭር ነው፣ አራቱም ጥግዋ ከኮርቻችሁ ይታወቃችኋል፣ ሚኒባስ ሲጠጋችሁም ስለ ፓራውልታችሁ ነፍሳችሁ አይወጣም።

አውቶማቲክ የያዛችሁ ምን እናድርግ ትላላችሁ። ማርሹ ላይ ኤስ፣ ቢ ወይም ኤል የሚል ቦታ አለ፤ ብዙ ሰው መኪናውን እስኪሸጥ አይነካውም። ዳገት ላይ ኤስ ዙሩን ከፍ አድርጎ ይይዝላችኋል፣ ቁልቁለት ላይ ቢ ወይም ኤል በሞተር ይይዛል።

ከለመዳችሁ በኋላ እንጦጦ አለ። ከስድስት ኪሎ በሽሮ ሜዳ አድርጋችሁ ስትወጡ ኩርባው ይበዛል፣ አየሩም የበለጠ ይሳሳል። ደንቡ፦ ፍሬን ከኩርባው በፊት፣ ኩርባው ውስጥ እኩል ነዳጅ፣ መውጫው ሲታይ መጨመር። በኩርባው መሀል ፍሬን አትያዙ። ስትወርዱ በወጣችሁበት ማርሽ ውረዱ፤ ፍሬን ብቻውን ከሠራ ይግላል፣ ሽታው ይመጣል፣ ከዚያ መያዝ ያቆማል። መንገዱ ላይ ሯጮችና እንጨት የተሸከሙ እናቶች አሉ። ማዶው ያልታየ ኩርባ ላይ ሁሌ ሰው አለ ብላችሁ ግቡ።

የስፖርት መኪናን አላጣጥልም። ፍሬኑ፣ መሪው፣ የሞተሩ ድምፅ፣ ሰው ተጨንቆ የሠራው ዕቃ መሆኑ ያስታውቃል፤ ሰፊ ቦታ ሲያገኝም ምን ማለት እንደሆነ ያሳያል። ግን የመንዳት ችሎታ በጉልበት አይመጣም። እ.ኤ.አ. በ1964 የሞንቴ ካርሎን ራሊ ያሸነፈችው 1,071 ሲሲ ሞተር ያላት ሚኒ ኩፐር ኤስ ነበረች፤ ሁለተኛ የወጣው 4.7 ሊትር ባለ ስምንት ሲሊንደር ፎርድ ፋልከን ነው። የነጥብ አሰጣጡ ለትንንሽ ሞተሮች ያደላ ነበር፣ እውነት ነው፤ ግን በረዶና ኩርባ ባለበት መንገድ ትንሿ መኪና ከትልቁ ጋር ተፎካከረች። ሚኒ በ1965 እና በ1967 ዳግመኛ አሸንፋለች።

ኪስም አለ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ የሞተሩ መጠን ባደገ ቁጥር ታክሱን ያሳድገዋል፤ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የቤንዚንና የናፍጣ የቤት መኪና ማስገባት ቆሟል። ስለዚህ አሁን አዲስ ትንሽ መኪና የሚገዛ ሰው የሚያገኘው ኤሌክትሪክ ነው፤ ከላይ ያልኩት አብዛኛው ለሱም ይሠራል፣ ከማርሹና ከሞተሩ ዙር በስተቀር። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር ስለማይስብ ከፍታው ጉልበቱን አይቀንሰውም፤ እንጦጦ ላይም ያው ነው። ሜኑው ውስጥ ገብታችሁ እግር ሲነሳ የሚይዘውን ኃይል ከፍ አድርጉት፤ ከማዘጋጃ ቤት እስከ ለገሃር ፍሬኑን እምብዛም ሳትነኩ እየወረዳችሁ ባትሪው ትንሽ ይሞላል። ባትሪው መቶ ፐርሰንት ሞልቶ ከቤት የወጣችሁ ቀን ግን መቀበያ ቦታ ስለሌለው አይይዝላችሁም፤ ያን ቀን በፍሬን ውረዱ።