ለክዊልት የሚሆን የስፌት ማሽን እንዴት ይመረጣል?

ክዊልት ፊቱ ከቁርጥራጭ ጨርቅ የተገጣጠመ፣ መሀሉ ባዘቶ ወይም ሙሌት የገባበት፣ ጀርባው ገበር የሆነ ድርብርብ የአልጋ ልብስ ነው። ማሽኑ ትንንሽ ቁራጮችን በሚሊሜትር ልክ መግጠም፣ ወፍራሙን ድርብርብ መውጋት፣ ትልቁን ልብስ ደግሞ በክንዱ ስር ማሳለፍ ይጠበቅበታል። ካርቶኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈው «200 ዓይነት ስፌት» ከእነዚህ አንዱንም አያግዝም። አብዛኛው ክዊልት በቀጥታ ስፌት ያልቃል፤ ዚግዛግ ከተጨመረ ይበቃል።

1. ሜትር ይዛችሁ ሂዱ

ከመርፌው አንስታችሁ በስተቀኝ እስካለው የማሽኑ አካል ድረስ ያለውን ክፍተት ለኩ። ተራ የቤት ማሽን ላይ ከ15 እስከ 18 ሳንቲሜትር ታገኛላችሁ፤ ለክዊልት ተብለው የሚሠሩት ከ20 እስከ 28፣ አንዳንዶቹም ከዚያ በላይ አላቸው። 2 ሜትር ስፋት ያለው ክዊልት መሀሉ ላይ ሲሰፋ ግማሹ፣ ማለትም 1 ሜትሩ፣ ተጠቅልሎ እዚህ ክፍተት ውስጥ መግባት አለበት። ጥቅልሉ ከተጨናነቀ ጨርቁን ይዞ ይጎትታል፤ ስፌቱ አንድ ቦታ አጭር፣ ሌላ ቦታ ረጅም ይሆናል፣ መርፌም ይሰበራል። ብዙ ሰው ይህ ሲያጋጥመው ማሽኑ የተበላሸ ይመስለዋል። የክፍተቱንም ቁመት እዩ፤ ክንዱ ረጅም ሆኖ ዝቅ ካለ ጥቅልሉ ያው ይታፈናል። የምትሰፉት የሕፃን መጠቅለያና የትራስ ልብስ ብቻ ከሆነ ግን 18 ሳንቲሜትር አያንስም።

2. ሩብ ኢንቹን ፈትሹ

የክዊልት ቁራጮች የሚጋጠሙት ሩብ ኢንች፣ 6 ሚሊሜትር ከትንሽ፣ ህዳግ እየተተወ ነው። ህዳጉ በ1 ሚሊሜትር ቢበልጥ ከሁለቱም ቁራጭ ስለሚበላ በአንድ መጋጠሚያ 2 ሚሊሜትር ይጠፋል። 20 መጋጠሚያ ያለው ረድፍ በ4 ሳንቲሜትር አጠረ ማለት ነው፤ ከቀጣዩ ረድፍ ጋር አይገጥምም።

መፈተሻው ቀላል ነው። አንድ ኢንች ተኩል ስፋት ያላቸው ሦስት ጥብጣቦች ቁረጡ፣ ጎን ለጎን ስፏቸው፣ በካውያ ተኩሱና የመሀለኛውን ስፋት ለኩ። ልክ 1 ኢንች መሆን አለበት። ካነሰ ህዳጉ በዝቷል። ስለዚህ መርፌውን በጥቂቱ ወደ ግራም ወደ ቀኝም ማዛወር የሚያስችል፣ የሩብ ኢንች እግር (እግር ማለት ጨርቁን ከላይ የሚጫነው ብረት ነው) የሚገጠምለት ማሽን ምረጡ።

ከመርፌው ስር ያለውን ብረትም ተመልከቱ። ለዚግዛግ ሲባል ቀዳዳው ሰፊ ስለሆነ መርፌው የቁራጩን ጫፍ ይዞ ወደ ታች ያስገባዋል። አንድ ትንሽ ክብ ቀዳዳ ብቻ ያለው መለወጫ ብረት ቢኖረው ይህ ችግር ይቀላል። እሱ ተገጥሞ ሳለ ዚግዛግ ከነካችሁ ግን መርፌው ብረቱን መትቶ ይሰበራል።

3. የራሳችሁን ድርብርብ ይዛችሁ ሞክሩ

መሸጫው ላይ የሚቀርብላችሁ ስስ ጨርቅ በማንኛውም ማሽን ያምራል። ከቤት ጨርቅ፣ ሙሌትና ገበር ደርባችሁ፣ በመርፌ ቁልፍ አያይዛችሁ ውሰዱ፤ አንዱ ቦታ ላይ መጋጠሚያዎች የሚገናኙበት ወፍራም ጉብታ ይኑረው። 90/14 ቁጥር (የመርፌው ውፍረት) መርፌ አስገቡ፣ የስፌቱን ርዝመት ከ2.5 እስከ 3 ሚሊሜትር አድርጉና ጉብታውን በጣም ቀስ ብላችሁ እለፉት። ፔዳሉን አጥብቃችሁ እስክትረግጡ ቆሞ ከዚያ ድንገት የሚዘል ማሽን ሞተሩ አቅም የለውም።

ሲጨርስ ገልብጣችሁ እዩ። የታችኛውን ጨርቅ ከእግሩ ስር ያሉት የማሽኑ ጥርሶች ይገፉታል፣ የላይኛውን ደግሞ እግሩ ያስቀረዋል፤ ልዩነቱ መጨማደድ ሆኖ ይወጣል። መፍትሔው ላዩንም አብሮ የሚያራምድ ተራማጅ እግር ነው። ከማሽኑ ጋር አብሮ የተሠራ ቢሆን ይመረጣል፣ ለብቻው የሚገጠመውም ያገለግላል። የእግሩን ጫና የሚቀንስ መቆጣጠሪያ ካለውም ትልቅ ነገር ነው።

4. ጥርሶቹን ዝቅ አድርጉ

አበባና ጠመዝማዛ መስመር በነጻ እጅ ለመስፋት ጥርሶቹ መውረድ አለባቸው፣ ጨርቁን የምታንቀሳቅሱት እናንተ ናችሁ። የማይወርዱ ከሆነ በመሸፈኛ ይሠራል፤ ግን ቀድሞም ጠባብ የሆነውን ቦታ ይሻማል። ስትሞክሩ ጠመዝማዛው ላይ ከስር እንደ ሽፋሽፍት የተንጠለጠለ ክር ካያችሁ ማሽኑን ከመኮነናችሁ በፊት የላዩን ክር አውጥታችሁ እግሩ ወደ ላይ እንደተነሳ መልሳችሁ አስገቡ። እግሩ ወርዶ የገባ ክር፣ የክር ማጥበቂያው ውስጥ አይቀመጥም። ከዚያም ካልቀረ እጃችሁ ከሞተሩ ፈጥኖ ሊሆን ይችላል።

5. የቀሩት

መርፌው ጨርቁ ውስጥ ሆኖ እንዲቆም የሚያደርግ ቁልፍ የግድ ነው፤ ጥቅልሉን ስታስተካክሉ መስመሩ አይዛነፍም። ፍጥነት መገደቢያና በጉልበት የሚነሳ እግር እጅን ያሳርፋሉ። ዙሪያውን የሚከብ ሰፊ ጠረጴዛ ይኑረው፤ ጠርዝ ላይ የሚንጠለጠል ክዊልት ራሱን ይጎትታል። ክብደቱ በጣም ቀላል የሆነ ማሽን በፍጥነት ስትሰፉ ይንቀጠቀጣል።

የልብስ ሰፊዎች የፋብሪካ ማሽን ቀጥታ መስመር ላይ የሚስተካከለው የለም። ሆኖም አብዛኛው ጥርሱን አያወርድም፣ ከጠረጴዛው ጋር የተገጠመ ስለሆነም ቦታ ይይዛል።

ከመክፈላችሁ በፊት ቦቢኑ (የታችኛው ክር የሚጠቀለልበት) እና ተጨማሪ እግሮቹ በቀላሉ የሚገኙ መሆናቸውን አረጋግጡ፤ የእግር መግጠሚያው ቁመት ከማሽን ማሽን ይለያያል። የቦቢኑን ቤት ራሳችሁ ከፍታችሁ ዝጉት። ባዘቶ ብዙ ብናኝ ስለሚጥል ሁለት ሦስት ቦቢን ባለቀ ቁጥር ትከፍቱታላችሁ።