ልጃችሁ ካሜራ ይዋጥ ከተባለ

አሜሪካ ገብተን ልጅ ሆዱን ሲያመው ቶሎ አፋችን ላይ የሚመጣው «አሜባ ይሆናል» ነው። አንዳንዴም ያው ጥገኛ ተሕዋስ ይሆናል። ግን ቁርጠቱ ሳምንታት ካለፈው፣ ተቅማጡ ከእንቅልፍ ከቀሰቀሰው፣ ሰገራው ላይ ደም ከታየ ወይም የአምናው ሱሪ ዘንድሮም ልኩ ከሆነ፣ ሐኪሙ ክሮንስን ወይም አልሰሬቲቭ ኮላይቲስን ይጠረጥራል። አንጀት እየተቆጣ የሚቆስልባቸው፣ ለረጅም ጊዜ የሚቆዩ ሕመሞች ናቸው። «የፈረንጅ በሽታ» ብላችሁ አትለፉት። እስራኤል በገቡ ኢትዮጵያውያን ላይ ከዓመታት ኑሮ በኋላ መታየቱ ተመዝግቧል።

ነገሩ በደምና በሰገራ ምርመራ ይጀመራል። ቀጥሎ ልጁ በማደንዘዣ ተኝቶ ከላይም ከታችም በቱቦ ካሜራ ይታያል፤ ናሙናም ይወሰዳል። ቱቦው ግን አብዛኛውን ትንሹን አንጀት አይደርስበትም፤ ክሮንስ ደግሞ እዚያ መደበቅ ይችላል። እንደ ክኒን የሚዋጠው ካሜራ፣ ካፕሱሉ፣ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ርዝመቱ 26፣ ውፍረቱ 11 ሚሊሜትር ገደማ ነው። አሜሪካ ውስጥ ከ2009 ጀምሮ 2 ዓመት ለሞላቸው ልጆች ተፈቅዷል። መዋጥ ላቃተው ልጅ ሐኪሙ በኢንዶስኮፒ (በዚያው በቱቦ ካሜራ) ያስገባለታል። ልጁ ወገቡ ላይ የምስል መቅጃ መሣሪያ ታጥቆ 8 ሰዓት ያህል ይቆያል፤ አያመውም።

አንጀቱ ባዶ መሆን አለበት። አያቱ አንጀቷ አልችል ብሎ ጓዳ ወስዳ ካጎረሰችው ካሜራው የሚያነሳው ሽሮውን ነው። የአይረን ሽሮፕ የሚወስድ ከሆነም መቼ እንደሚያቆም ጠይቁ፤ አንጀቱን አጥቁሮ ዕይታ ያበላሻል።

አሁን ዋናው ነገር። ቤታችሁ ውስጥ ቲቢ የታከመ ሰው ካለ ለሐኪሙ ንገሩ። እኛ ጋ ቲቢ ይደበቃል፣ አውቃለሁ። ግን የአንጀት ቲቢና ክሮንስ በካሜራ ሲታዩ በጣም ይመሳሰላሉ፤ ካፕሱሉ ደግሞ ናሙና አይወስድም። እንደ ኢንፍሊክሲማብ ያሉ የክሮንስ መድኃኒቶች ምልክት ሳያሳይ ሰውነት ውስጥ የተኛ ቲቢ ሊቀሰቅሱ ይችላሉ። ከምግብ በኋላ ማስመለስና የሆድ መነፋት ካለም አትርሱ፤ አንጀቱ ጠቦ ሊሆን ይችላል። በጠበበ አንጀት ካፕሱል ሊቀረቀርና በኦፕሬሽን ሊወጣ ስለሚችል፣ መጀመሪያ የሚሟሟ የሙከራ ካፕሱል ይሰጡታል።

ይህን ሁሉ ታላቅ እህቱ ታስተርጉም አትበሉ። የልጅ ሸክም አይደለም፤ የመድኃኒት ስምም ይምታታባታል። ቀጠሮ ስትይዙ «አምሃሪክ ኢንተርፕሪተር» በሉ፤ የመንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል በነጻ የማቅረብ ግዴታ አለበት። ውድ ምርመራ ስለሆነ ኢንሹራንሳችሁ ወይም ሜዲኬይድ (የመንግሥት የጤና መድን) አስቀድሞ ማጽደቁንም አረጋግጡ።

ካፕሱሉ ከሰገራ ጋር ይወጣል፣ የሚመለስም አይደለም። መውጣቱን ግን ተከታተሉ። እስኪወጣ ድረስ ኤምአርአይ አይነሳም። 2 ሳምንት አልፎ ካልታየ ደውሉ፤ በኤክስሬይ ይፈልጉታል። ሆዱን ካመመው ወይም ካስመለሰው ግን 2 ሳምንት አትጠብቁ፤ በዚያው ቀን ደውሉ።